ከጓዳ የተጠራ አባት

«በእኔና በእሷ መካከል ምንም ነገር የለም» ብሏል አሉ፣ በያጁ።

ይህን ለአሠልጣኟ የነገረቻት የመሥሪያ ቤታቸው ኃላፊ ነበረች፤ ሰኞ ጠዋት፣ ገና ቦርሳዋን ወንበር ላይ ሳታሳርፍ። ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ የተናገረችውም እንደ ምሥራች ነው።

«ስለ እናንተ ወሬ ደርሶኝ ነበር። ራሱን ጠርቼ ጠየቅኩት። ዐይን ዐይኔን እያየ ነው የካደው። እንኳን ወሬ ብቻ ሆነ! እኔማ ተጨንቄልሽ ነበር።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች አሠልጣኟ። ስለ ምኑ እንዳመሰገነች ለራሷም አልገባትም። ቁጭ አለች።

የእሷ ሥራ ሌሎችን ማስተማር ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ የተቸገረ ቤተሰብን የሚደግፉ ባለሙያዎች አሉ፤ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች። እነዚህ ሰዎች ገብተው ከእናት ጋር ይጨዋወታሉ፣ ከእናት ጋር ይመካከራሉ፣ ይወጣሉ። አባት የሚባለው በሩን ከፍቶ «ግቡ» ካላቸው በኋላ እንደ እንግዳ ከገዛ ቤቱ ይወጣል። አሠልጣኟ የተቀጠረችው ይህን ልማድ ለመስበር ነበር። አባትን ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ እንዴት እንደሚያስቀምጡት፣ «ልጁን ማን ያጥበዋል?» ሲሉ ዐይናቸው ወደ እናትየው ብቻ እንዳይሮጥ ታሠለጥናቸዋለች።

«እኛኮ አባትን የምንጋብዘው ‹እንዳያማ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው› እያልን ነው» ትላቸዋለች። ሠልጣኞቹ ይስቃሉ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ይሞታል፤ እውነት ነዋ።

በያጁን ያገኘችውም በዚሁ ሥራ ነበር። ባለፈው ዙር አንድ እውነተኛ አባት መጥቶ እንዲናገርላት ስትፈልግ፣ «የብረት በር የሚሠራ፣ ልጁን አማቱ የወሰዱበት ሰው አለ» አሏት። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። የሸሚዙ እጅጌ በብየዳ ፍንጣሪ ተበሳስቷል፤ ግን በደንብ ተተኩሷል። ያን ሁሉ ባለሙያ ፊቱ ሲያይ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። ቆየት ብሎ እንዲህ አለ፦

«ባለቤቴ ኩላሊቷን በታመመች ጊዜ ከእናንተ ዘንድ ሰው ትመጣ ነበር። ደግ ሰው ናት፣ አልወቅሳትም። ባለቤቴን ታናግራለች፣ አማቴን ታናግራለች። እኔ ጓዳ ነኝ። ልጄን ታቅፌ ጡጦ አጠጣለሁ፤ እሹሩሩ ስል ድምፄ ይሰማል። አንድ ቀን ‹ጓዳ ያለው ማነው?› ያለ ሰው የለም። ባለቤቴ ሞተች። ልጅቷን ማን ያሳድጋት ብለው ሲመጡም የጠየቁት አማቴን ነው። በቀብሩ ማግስት ልጄ ሄደች። ማንም ክፉ አልሠራብኝም። የጠየቀኝ ሰው ነው የጠፋው።»

አሠልጣኟ ያን ቀን ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች፤ የምትጽፈው ነገር ግን አልነበራትም። ስትመለስ ዐይኑ እሷ ላይ ነበር። ሌላ ምንም አልሆነም። የሚሆነው ሁሉ ግን በዚያች ቅጽበት ሆኖ አልቋል።

ልጁ እንድትመለስለት በደንቡ እንዲጠይቅ ልትረዳው ወደሚበይድበት ጋራዥ መሄድ ጀመረች። አንድ ቀን ሳያስተውላት እየበየደ ደረሰች። ቀና ሲል ብልጭታውን አፍጥጣ ስታይ አገኛትና «ዐይንሽን!» ብሎ ጮኸ። ጭንብሉን ከራሱ አውልቆ በፊቷ ያዘላት። እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ነበር የሚላት። ከዚያች ጩኸት በኋላ ብቻቸውን ሲሆኑ ወደ «እርስዎ» አልተመለሰም።

የቤተሰቧን ነገር አንሥቶ መጣል ቀላል አልነበረም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤቱን የያዘው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ መሐንዲስ ነው፣ በአካባቢው የተከበረ። ነገሩ ሲደርሰው አልጮኸባትም፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ሳቀ እንጂ።

«ስለ አባቶች ስትሟገቺ ስሰማ ኮርቼብሽ ነበር፤ አንቺ ልጅ» አላት። «አሠልጥኚ አልን እንጂ አግቢ መች አልን? ሚስት የሞተችበት በያጅ! እናታችን ይህን ሰምታ የምትተርፍ ይመስልሻል?»

«ጋሼ፣ ሰውየውን አላየኸውም።»

«በሩን አይቻለሁ። ለጎረቤታችን የሠራውን። ጥሩ በር ነው። በሩን እንገዛዋለን፤ ሰውየውን ግን በበሩ አናስገባውም።»

ያን ሁሉ ችላለች። የወንድሟን ሳቅ፣ የእናቷን ኩርፊያ፣ የራሷን ፍርሃት። ትችል የነበረው ግን እሱ ከጎኗ ያለ እየመሰላት ነው። አሁን «ምንም ነገር የለም» ብሏል። ደወለችለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፤ ዝግ ነው። ‹ደግሞ እኮ ዐይን ዐይኗን እያየ› እያለች ሳምንቱን እንደ ጥርስ ሕመም ይዛው ዞረች። ‹እኔን ያየበት ዐይንም እንዲያ ሊዋሽ የሚችል ኖሯል ማለት ነው?›

*

በተከታዩ ሳምንት ረቡዕ የሥልጠናው መዝጊያ ነበር። በመዝጊያው ቀን በያጁ እንዲገኝ ቀድሞ ተነግሮታል፤ ሠልጣኞቹ ፊት አንድ ባለሙያ የአንድን አባት በር ስታንኳኳ በጨዋታ መልክ ይታያል፣ አባት የሚሆነው እሱ ነው። አሠልጣኟ አይመጣም ብላ ነበር። መጣ። ጢሙን ተላጭቷል፣ ከስቷል። ኃላፊዋም መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች።

ጠዋቱ እንደወትሮው በክርክር አለፈ። «ወንድ ብቻውን ባለበት ቤት መግባት ያስፈራል» አለች አንዷ። «ሰክሮ ቢጠብቀንስ?» አለች ሌላዋ። አሠልጣኟ ለየአንዳንዱ መለሰች፤ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ በቀጠሮ ሂዱ፣ ያስፈራችሁን ቤት ትታችሁ ውጡ፤ ግን ያላያችሁትን ሰው አትፍሩ። አንዲት ወፈር ያለች፣ ጨዋታ አዋቂ አዋላጅ ነበረች። «ወንድ ማሳተፍማ ቀላል ነው፣ ኳስ የሌለበትን ቀን መምረጥ ነው» ብላ አዳራሹን አሳቀችው። በያጁም ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ አሠልጣኟን እንደ ስለት ወጋት። ‹መሳቅም ይችላል› አለች በሆዷ።

ሁለት ወንበር መሐል ላይ ተደረገ። እሷ ባለሙያ ናት፣ እሱ አባት ነው። አየር ላይ ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

«እንደምን ዋሉ። ከቤተሰብ ድጋፍ ነው የመጣሁት። የልጅቷ አባት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ብገባ ይፈቅዱልኛል?»

«ይግቡ። ለእርስዎ ተዘግቶ አያውቅም።»

ሠልጣኞቹ ጎንበስ ብለው ጻፉ። እሷ ተቀመጠች። ቀጥሎ ምን እንደምትል ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ለሌሎች ስትነግረው የኖረችው ነው። ስለ ሥራው ትጠይቀዋለች፤ ስለ ልጁ ደስ የሚለውን ነገር እንዲነግራት ትጠይቀዋለች። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ስንደውልልዎ ስልክዎ ዝግ ነው። ሰው በጭንቅ ሲፈልገው ስልኩን የሚዘጋ አባት… ምን ብለን እናስብ? ድሮም ልቡ እዚህ አልነበረም እንበል?»

አዋላጇ ከደብተሯ ቀና አለች። አባትን በወቀሳ አትጀምሩ ብላ ያስተማረቻቸው ራሷ ናት።

በያጁ እጆቹን አየ። «ሰው ሲጠፋ ስላልወደደ ይመስላችኋል» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ በር ሠሪ ነኝ፤ የማውቀውን በር ልንገርዎ። አንዳንዱ በር ጠባብ ነው። ሰው ሁለት ነገር አቅፎ አያልፍበትም። አንዱን መሬት ላይ ማስቀመጥ አለበት። ያስቀመጠው ንቆት አይደለም። አንዱ ራሱን ችሎ መቆም ስለሚችል ነው፤ ሌላው ግን ገና ስላልቻለ ነው።»

«መቆም መቻሉን በምን አወቁ?» ድምፅዋ ሰለለ። «ጠይቀውታል? ወይስ እሱንም ሳይጠይቁት ወሰኑለት? እርስዎን ሳይጠይቁ እንደወሰኑልዎት?»

 አዳራሹ ውስጥ የአንድ ወንበር እግር ሲጥ አለ።

«አልጠየቅኩም» አለ። ቀና ብሎ አያት፤ በዚያን ጊዜ ሠልጣኞቹም፣ ኃላፊዋም፣ አዳራሹም ከዐይኑ ጠፉ። «ብጠይቅሽ እሺ እንደምትዪኝ ስለማውቅ ነው ያልጠየቅኩሽ። እሺታሽን መስማት አልቻልኩም። አንቺስ ብትሆኚ የትኛውን ታስቀምጪ ነበር?»

‹አንቺ› አላት። ሰው ሁሉ እያለ።

የኃላፊዋ ፊት ከኋላ ሲቀያየር አሠልጣኟ አየች።  ይህን ጊዜ አዋላጇ እጇን እያወዛወዘች ተነሣች።

«ይኸው! ይኸው! እኔንም ሲብሳቸው እንዲሁ ‹አንቺ› ይሉኛል! ባለፈው አንዱማ ‹አንቺ ሴትዮ› ብሎኝ ነው ያረፈው፤ ሚስቱን ላዋልድለት ሄጄ! እንዲህ ሲያደርጉን ምን እንበላቸው፣ አሠልጣኛችን?»

ሳቅ ፈነዳ። ኃላፊዋም ሳቀች። አሠልጣኟ እንደምንም ትንፋሿን ሰበሰበች።

«አባት በቃል ቢሳሳት አታርሙት» አለች ለሠልጣኞቹ። «የጠየቀውን መልሱለት።» ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ልጅዎን ታቅፈው ይለፉ» አለችው። «እኔ ያልኩት ነው፤ ይለፉ።»

ጭብጨባው ረጅም ነበር። ጥሩ ትምህርት ነው አሉ ሁሉም።

ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ እሷ ወንበሮቹን ማስተካከል ጀመረች፤ እሱ ሊያግዛት መጣ። አንዱን ወንበር ከሁለት ወገን ይዘው ቆሙ።

«አማቴ ናቸው» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «‹ሴት ይዟል፤ በልጅ ልጄ ላይ እንጀራ እናት ሊያመጣ ነው› ብለው ለኃላፊሽ ነግረዋል። ያቺ ሴት አንቺ መሆንሽ ከተረጋገጠ፣ ለእኔ የተሟገትሽው ሁሉ የፍቅር ሙግት ነው ይባልና ይፈርሳል። እንደገና ከዜሮ። ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ፊቴን እየረሳችው ነው። ነገ ነው የምንሰበሰበው።»

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርሽ አለቅሳለሁ። ባለቅስ ደግሞ አልክድም።»

ወንበሩን አስቀምጦ ወጣ። አዋላጇ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። ወደ አሠልጣኟ ጠጋ ብላ ቦርሳዋን አቀበለቻትና «እርግዝናና ፍቅር አይደበቅም፤ በሙያዬ ነው የምነግርሽ» አለቻት። ዐይኗ ውስጥ ግን ሳቅ አልነበረም። አሠልጣኟ ትከሻዋ ላይ ተደፋች። የሳምንቱ ቂም ሁሉ እንባ ሆኖ ወጣ፤ በስፍራው የገባው ግን ከቂሙ የባሰ ነበር። ተወዳለች፤ አሁን በእርግጥ ታውቃለች፤ ስለዚህም ታጣዋለች።

*

በማግሥቱ የልጅቷ አያት ቤት ተሰበሰቡ። አሠልጣኟ ባትሄድ ትወድ ነበር። አያትየው ግን «ያቺ ስለ አባት የምታስተምረዋ ትምጣልኝ፤ ያለ እሷ አልነጋገርም» ብለዋል።

ጠባብ፣ ንጹሕ ሳሎን ነው። ግድግዳው ላይ የሟቿ ፎቶ አለ፤ ገና ሳትታመም የተነሣችው፣ ጥርሷ ሁሉ የሚታይ። ከሥሩ አያትየው ተቀምጠዋል፤ አጭር፣ ደረቅ ያሉ ሴት፣ ወገባቸው ግን ቀጥ ያለ። ልጅቷ ጎረቤት ተልካለች። ኃላፊዋ ነገሩን አስረዳች፤ አባትየው ቤት አለው፣ ሥራ አለው፣ አይጠጣም፣ በየእሑዱ በዚህ በር ላይ ሲቆም ጎረቤት ያየዋል። አያት ልጅቷን እንደፈለጉ ይጠይቃሉ። በስምምነት ካለቀ ዛሬውኑ ይዟት ይሄዳል። ካልሆነ ፍርድ ቤት ነው፤ የፍርድ ቤት ነገር ደግሞ መች እንደሚያልቅ አይታወቅም።

«ልጄን በደህና አካሏ ነበር የሰጠሁት» አሉ አያትየው። «አልከሰውም፤ በሽታ ነው። ግን ልጄ ከሄደች በኋላ በዚህ ቤት ድምፅ የምታሰማው የልጅ ልጄ ናት። እሷን ስትወስዷት ይኼ ቤት ምን ይሆናል? ይህን ማን ጠየቀኝ?»

 በያጁ አንገቱን ደፋ።

አያትየው ወደ አሠልጣኟ ዞሩ። «ነይ ወደዚህ ቅረቢ፣ ልጄ። ዐይኔ ደካማ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በልጄ ፎቶ ፊት መልሺልኝ። ይህን ሰው ትወጂዋለሽ?»

ኃላፊዋ «እማማ፣ ይህ ጉዳይ እኮ…» ስትል አያትየው እጃቸውን አነሡ። «የጠየቅኩት እሷን ነው።»

አሠልጣኟ በያጁን አየችው። እሱም ዐይን ዐይኗን አየ። ከንፈሩ ሲላቀቅ አየች፤ ገባት። ሊናገር ነው። ዛሬ አይክድም። ልጁን፣ ያን ሁሉ እሑድ፣ ሁሉን ነገር ሊያፈርሰው ነው፣ እሷን በሰው ፊት ሁለተኛ ላለመካድ። በሕይወቷ ማንም እንዲህ አድርጎ ወዷት አያውቅም። አንዲት ቅጽበት ዝም ብትል፣ ትንፋሽ ያህል ብቻ ዝም ብትል፣ እሱ የእሷ ነው።

ቀደመችው።

«አልወደውም፣ እማማ» አለች። «ሥራዬ ነው። ለሌላ አባትም እንዲሁ ነበር የምሟገተው።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጥርሷን የነቀለ ያህል ተሰማት። በያጁ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። 

አያትየው ትኩር ብለው አዩዋት። «በሉ እናንተ ሄዳችሁ ልጅቷን አምጧት» አሉ። ኃላፊዋና በያጁ ወጡ። ሳሎኑ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ቀሩ።

«እኔ ልጄን ስቀብር አላለቀስኩም» አሉ አያትየው። «ሰው ሁሉ ‹ልበ ደንዳና ናት› አለኝ። ስለዚህ እንባ ሳይወጣ የሚያለቅስ ሰው አያመልጠኝም። ዋሽተሻል።»

«እማማ…»

«ዝም በይ። እወደዋለሁ ብትዪኝ አልሰጠውም ነበር። ሰው ለሚወደው ይሟገታል፣ ምን ይደንቃል? ለሌላ ሰው ልጅ ብላ የገዛ አንጀቷን የምትቆርጥ ግን… በዚህ አምኜሻለሁ። ይውሰዳት።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ማን እንደነገረኝ ታውቂያለሽ? ወንድምሽ ነው። መኪናውን እዚህ በር ላይ አቁሞ ገብቶ። ‹ከእህቴ ጋር ይህ ነገር እንዳይሆን እናታችንም እኔም አንፈቅድም፤ እርስዎም የልጅ ልጅዎን ያስቡ› አለኝ። ጨዋ ነው፤ ቁጭ ብሎ ውሃ ጠጣልኝ።»

አሠልጣኟ የሶፋውን ክንድ ያዘች። ጋሼ። በልጅነቷ እጇን ይዞ ትምህርት ቤት ያደረሳት ጋሼ።

«ወገኖችሽ እሱን አይቀበሉም» አሉ አያትየው። ድምፃቸው አሁን ቁጣ የለውም፤ ድካም ብቻ ነው። «ዛሬ ብትገቢ ነገ ይጎትቱሻል። አንቺ ትችይው ይሆናል። ያቺ ልጅ ግን አንድ እናት ቀብራለች። ሌላ ለምዳ፣ እሷም ሄዳባት፣ ደግማ አትቀብርም። አላስቀብራትም። ስለዚህ ልጄ፣ ከዋሸሽ አይቀር ውሸትሽን ጠብቂው። እስኪያረጅ ድረስ።»

እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን ነኩ። ለማጽናናት ይሁን ለመሰናበት አልታወቃትም። እጃቸው ሸካራ ነበር፤ ሞቃት ነበር። ከእናቷ ቤት ያጣችውን እጅ እዚህ ማግኘቷ ይበልጥ አንገበገባት።

ወደ ውጭ ወጣች። በያጁ ልጅቷን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ልጅቷ መጀመሪያ አልቅሳ ነበር፤ ጉንጯ ላይ አልደረቀም። አሁን ግን አውራ ጣቱን ጨብጣ ይዛለች። ሌላ ነገር ሊያቅፍ የማይችል እጅ ነው የያዘችው፤ በሌላው እጁ የልብሷ ፌስታል አለ። ኃላፊዋ መኪና ውስጥ ሆና ትጠብቃቸዋለች።

አሠልጣኟ ይህችን ልጅ በሥራ ሰዓት ስንት ጊዜ ከአፉ እንደሰማቻት! ፀጉሯ ሲበጠር እንደምትጮኽ፣ ዝናብ ስትሰማ እንደምትተኛ፣ ሳቋ የእናቷ እንደሆነ። በዐይኗ ስታያት ዛሬ መጀመሪያዋ ነው። ልጅቷም ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ የአባቷን ጣት ሳበች።

«ማናት?» አለችው።

በያጁ ወደ አሠልጣኟ ዞረ።  አሠልጣኟ ዐይኑን ያዘችው፤ በቀስታ ራሷን ነቀነቀችለት። ካደኝ፣ እንደማለት።

«ከቢሮ የመጡ ናቸው» አለ። «ደህና ዋሉ በያቸው።»

«ደህና ዋሉ» አለች ልጅቷ።

«ደህና ዋይ፣ የኔ እናት።»

ድምፅዋ አልተሰበረም። ሄዱ። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ቆመች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስም ብሏታል። ደስታው ግን የሌላ ሰው ልብስ ሆኖ ሰፋት። ለብሳው መንገዱ ዳር ቆመች፤ በረዳት።